መንፊያ የሌለው ክላርኔት

ልብስ ንጽህና ቤት ካውያ ይዛ ስለምትውል የሰፈሩ ሰው «ተኳሿ» ይላታል። ቅጽል ስሟን ሰምቶ ወታደር የምትመስለው እንግዳ አይጠፋም። እሷ ግን በዕድሜዋ የሰው ሸሚዝና ሱሪ እንጂ ሌላ ተኩሳ አታውቅም። የፈተናው ዕለት ጠዋት ግን እውነተኛ ጠመንጃ በእጇ ቢኖር ኖሮ፣ እንጃ።

የከተማው ኦርኬስትራ ክላርኔት ነፊ ሊቀጥር ፈተና አወጣ። ተራዋ ደርሶ ሦስቱ ፈታኞች ፊት ቆመችና ከአባቷ የወረሰችውን ሳጥን ከፈተች። መንፊያው የለም። የላይኛው ቁራጭ አለ፣ የታችኛውም አለ፣ ሰፊው ጫፍም በቦታው ነው፤ ሸምበቆው የሚታሰርበት፣ ከንፈር የሚያርፍበት መንፊያ ግን ከማስቀመጫው ተነቅሏል።

ማን እንደወሰደው ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አላስፈለጋትም። ታላቅ ወንድሟ ማታ፣ «አንቺ ከኦርኬስትራ ጋር አገር ላገር ስትዞሪ እማዬን ማን ያገላብጣታል?» ብሏት ነበር። እናታቸው አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች። የምታገላብጣት፣ የምታጥባት፣ የምታጎርሳት ተኳሿ ናት። ወንድሟ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ዋልሽ እማዬ?» ይላል፤ ልጅነቱ እዚያው ላይ ያልቃል።

ደሟ እስከ ጆሮዋ ፈላ።

«ምን ሆነሻል?» አለ የኦርኬስትራው መሪ።

«መንፊያው ተወስዶብኛል።»

«ቀዛፊ መቅዘፊያውን ትቶ ጀልባ ላይ ይወጣል እንዴ? ሂጂ፣ ሌላ ጊዜ ትመጪያለሽ። ቀጣይ!»

«አልሄድም» አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ተራዬ ነው።»

እናቷ ስታሸልብ እንዳትቀሰቅሳት መንፊያውን እየነቀለች ትለማመድ ነበር። እንዲያ ሲሆን ክላርኔቱ ሌላ ጠባይ እንዳለው የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ቁራጮቹን ገጣጠመች። የቱቦውን አፍ ወደ ከንፈሯ ጥግ አዘንብላ፣ ባዶ ጠርሙስ እንደሚነፋ ሰው ነፋችበት። ነፋስ ወጣ። ጣቶቿ ቁልፎቹን ሲደበድቡ እንጨቱ እንደ ከበሮ ተንኳኳ። ቀጥሎ ከንፈሯን ገጥማ አርገበገበችበት፤ ክላርኔቱ እንደ በሬ አገሳ። ጫፉን ጉልበቷ ላይ ደፍና ድምፁን አፈነችው፣ ለቀቀችው፣ እንደገና አፈነችው። በመጨረሻም ማታ ለወንድሟ ልትለው ፈልጋ የዋጠችውን ስድብ ሁሉ ቃል በቃል ቱቦው ውስጥ ጮኸችው። በቀዳዳዎቹ ሲወጣ ቃሉ አልተሰማም፤ ንዴቱ ግን ግድግዳውን መታ።

«በቃ!» መሪው ጠረጴዛውን ደበደበ። «ይኼ ክላርኔት መንፋት ነው ወይስ የተደፈነ ቧንቧ መጥረግ?»

ከፈታኞቹ አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። ሦስተኛዋ ፈታኝ፣ የኦርኬስትራው ቫዮሊን ተጫዋች፣ አልሳቀችም። «ይተዋት፣ ትጨርስ» አለች።

ጨረሰች። አልተቀጠረችም። ቦታውን መንፊያውን ያልረሳ ሌላ ሰው ወሰደው።

ኮሪደሩ ላይ ቫዮሊን ተጫዋቿ ደረሰችባት። «እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ለብቻችን የምንጫወተው አለ። ነይ። መንፊያሽን ያዥ ግን አልልሽም።»

ተኳሿ ቤት ስትገባ ወንድሟ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። ቀና ብሎ አላያትም።

«አምጣው» አለችው።

«ለእማዬ ብዬ ነው።»

«ለእማዬ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ሲል ይበልጥ አስፈራ። «ጀርባዋ ላይ ቁስል አለ። በየት በኩል ነው? በቀኝ ነው በግራ? ንገረኝና ክላርኔቱን እንዳለ ልስጥህ።»

ወንድሟ ጫማውን መልሶ መቦረሽ ጀመረ።

«በግራ ነው፣ ልጄ» አለች እናታቸው ከመጋረጃው ወዲያ። የተኛች መስሏቸው ነበር። «ስጣት።»

ከኮቱ ኪስ፣ በካልሲ የተጠቀለለውን መንፊያ አውጥቶ ሰጣት። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት፣ «ዋ! እንዳትጀምር!» አለችው። «ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ነህ የምታጥባት። አንድ ጊዜ አሳይሃለሁ፤ ሁለተኛ አትጠይቀኝ።»

አሳየችው። እስከ ቅዳሜ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። ቁጣዋ እንደ ቀዘቀዘ ምግብ ደረቷ ላይ ተቀምጦ አልወርድ አለ፤ ሸሚዝ ስትተኩስ እንኳ ጥርሷን እንደነከሰች ነበር።

ቅዳሜ ሳጥኗን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ልትወጣ ስትል ወንድሟ እጅጌውን ሰብስቦ ከነባልዲው ኮሪደሩ ላይ ተገተረ።

«እታለም፣ ውሃው እንዳያቃጥላት በምን ልወቅ?»

«በክርንህ» አለችና በሩን ድው አድርጋበት ወጣች።