እግሯ ዝንጉርጉር ትንኝ

ሸዋአለም በጠራራ ፀሐይ ከጓሮዋ ለወጥ የሚሆን የሙሉኺያ ቅጠል ስትቀጥፍ አንዲት ትንኝ ክንዷ ላይ አረፈች። ኻርቱም ከገባችበት ዘመን ጀምሮ የምታውቀው ቢምቢ መልኩ ቡናማ ነው፤ ሲመሽ ጆሮ ሥር እየጮኸ ይመጣል። ይቺ ግን ጥቁር ናት፣ ድምፅ የላትም፣ እግሮቿ ነጭ ቀለበት ቀለበት ያጠለቁ ይመስላሉ። በመዳፏ መትታ ገደለቻትና በቅጠል ይዛ ጎረቤቷ ኒዕማ ዘንድ ሄደች። ኒዕማ ጦርነቱ ጤና ጣቢያውን እስኪያዘጋው ድረስ ነርስ ነበረች፤ አማርኛዋ ከሐበሻ እናቷ የተረፈ ነው።

«እስቲ እያት፣ ምንድን ናት?»

«ሰላምታ የለም? ሬሳ ይዘሽ ትመጫለሽ?» ብላ ሳቀች ኒዕማ። ቅጠሉን ወደ ብርሃን ስታስጠጋው ግን ሳቋ ጠፋ። «ደንጊ የሚሉትን ትኩሳት የምታመጣው ናት። በቀን ነው የምትነክስ። ልጅሽን ሪምን ትኩሳቱ ለቀቃት?»

«የወባውን ኪኒን ጨረሰች። ራሷን ሲያማት አስፕሪን እሰጣታለሁ።»

«አስፕሪን? ወላሂ፣ ደንጊ ከሆነ ያደማታል!»

ሸዋአለም ወደ ቤቷ ሮጠች። ሪም አልጋ ላይ ተጋድማለች፤ ሌሊት የሚዘረጋው አጎበር በሙቀቱ ምክንያት ቀን ቀን ይጠቀለላል።

«ማማ፣ አፌ ብረት ብረት ይላል» አለች ልጅቱ። ድዷ ይደማል።

ተከትላት የገባችው ኒዕማ፣ «ውሃ የት ይቀመጣል? ትንኟ የምትፈለፈለው እዚያ ነው» አለች።

በርሜሉ ክዳን አለው። የቀረው በር ላይ ያለው ዚር ነው። የሪም አባት የሕያ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ከባድ መሣሪያ ሲገድለው፣ እንደ አገሩ ልማድ መንገደኛ እየጠጣ ነፍስ ይማር እንዲል በስሙ ያቆመችው የሸክላ ጋን። ውሃ በጠፋበት ከተማ መድፋት ነውር ሆኖባት፣ አንድም ቀን አጥባው አታውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ላዩ ላይ ትጨምርበታለች። በደንብ የማይገጥመውን መክደኛውን ሲያነሡት ውስጡ በሚርመሰመሱ የትንኝ ትሎች ተሞልቷል።

«ድፊው» አለች ኒዕማ።

«የየሕያ ነው እኮ።»

«ሸዋዬ፣ የሕያ ሞቷል። እኔ የአህያ ካሮ ልፈልግ። ሐኪም ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ያላ፣ ቶሎ በይ!»

ሸዋአለም ዚሩን በሁለት እጇ አቅፋ ገለበጠችው። ውሃው አቧራውን እያጨቀየ መንገድ ላይ ፈሰሰ።

አህያ የሚጎትተው ካሮ ሲደርስ ሪምን በአንሶላ ጠቅልለው ጫኗት። ገና ከሰፈሩ ሳይወጡ አፍንጫዋ ደማ፤ ቢይዙትም አልቆም አለ። ሸዋአለም የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሻሿ ጫፍ ደሙን እየጠረገች፣ ፈጠን እንዲል አህያውን በዐረብኛም በአማርኛም ትለምነው ጀመር።