የአሥራ አራተኛው ረድፍ ቀማሚ

ጋሽ ቀማሚ የሚያውቀው ከፍታ ከመጠጥ ቤቱ ባንኮ ጀርባ ያለችውን ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል ብቻ ነበር። እዚያ ባንኮ ጀርባ ሃያ ስድስት ዓመት ቆሟል። ሰው ገና ከበሩ ሲገባ ባረማመዱ አይቶ ምን እንደሚጠጣ ያውቃል ይባልለታል። የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ቢሆንም ይባልለታል።

የእህቱ ልጅ የበረራ አስተናጋጅነት ስልጠና ከገባች ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ እረፍት ነሳው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያልፍበት መተላለፊያ፣ ያውም እየተንገጫገጩ፣ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ጂኑን ከቶኒኩ፣ ሮሙን ከኮላው እንዴት አድርገው ነው የሚቀይጡት?

«የመጠጥ መናጫውን የት ነው የምታስቀምጡት?» ይላታል፣ ልታጠና ደብተሯን በገለጠች ቁጥር።

«ጋሼ በናትህ፣ የእሳት አደጋውን ምዕራፍ እያነበብኩ ነው።»

«እሱስ ይደርሳል። ሎሚውን ማነው የሚቆርጠው?»

ልጅቷ ለጨዋታ ጊዜ አልነበራትም። በረራ ላይ የሚሰጠውን የመጨረሻ ፈተና አንድ ጊዜ ወድቃለች። አንድ ተሳፋሪ ሲጮህባት ደንግጣ የጠየቀውን ሁሉ ሰጠችው፤ «እምቢ ማለት አትችልም» ተብሎ ተጻፈባት። አሁን የቀራት አንድ ዕድል ነው። በሱም ካላለፈች የደንብ ልብሱን አጣጥፋ መመለስ ነው።

እንዳጋጣሚ ለቤተሰብ የሚሰጠው ነጻ ቲኬት የወጣው በዚያው በፈተናዋ ቀን ሆነ። ጠዋት በር ላይ እጅጌውን ያዘችው።

«ጋሼ፣ እዛ ውስጥ አላውቅህም፣ አታውቀኝም። ያመጣሁልህን ጠጥተህ ዝም ብለህ ቁጭ ትላለህ። እሺ?»

«እኔ ደግሞ መቼ ነው ሰው ሥራ ውስጥ ገብቼ የማውቀው?» አለ ጋሽ ቀማሚ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

የደረሰው ወንበር አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ከመተላለፊያው ዳር ነበር፤ እሱ እንደሆነ ለመስኮትና ለደመና ግድም የለው። በመስኮቱ በኩል አንዲት ባለ መነጽር የጥርስ ሐኪም ተቀምጣለች። ከመተላለፊያው ማዶ ደግሞ ሰፊ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ከነሚስቱ አለ።

አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ ጋሪው መጣ። ጋሽ ቀማሚ አንገቱን እንደ ሰጎን አስረዘመ። የእህቱ ልጅ ጋሪውን ትገፋለች፤ ከኋላዋ ፈታኟ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትከተላለች። ጋሪው ላይ ጭማቂ፣ ጣሳ፣ የፕላስቲክ ኩባያ በቁመት ተደርድሯል። ከላይኛው መሳቢያ በረዶ፣ ከታችኛው ደግሞ የሳል መድኃኒት የሚያካክሉ ጠርሙሶች ይወጣሉ። መናጫ የለም። መስፈሪያም የለም።

«ጂን በቶኒክ» አለ፣ እንደማያውቃት ሆኖ ድምፁን አወፍሮ።

ፊቱ ያለችውን ገበታ ዘርግታ ሶፍት አነጠፈችለት። በረዶ ያለበት ኩባያ፣ ስንጣቂ ሎሚ፣ አንድ ጣሳ ቶኒክ፣ አንዲት ክዳኗ ያልተነካ ጠርሙስና ቀጭን ማማሰያ ደረደረችለት። ፈገግ አለችና ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፈች።

ጋሽ ቀማሚ ጠበቀ። ተመልሳ ትቀይጠዋለች ብሎ ጠበቀ። እሷ እቴ! ለሐኪሟም ውስኪና የዝንጅብል ለስላሳ ለየብቻ፣ ለባለ ከረባቱም ሮምና ኮላ ለየብቻ ሰጥታ ሄዳለች። ፈታኟ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጫር ስታደርግ ልቡ ስንጥቅ አለ።

ረሳችው! እሱ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ረዳት አንድ ቀን አያድርም። መጠጡን እዚህ፣ ማቅጠኛውን እዚያ አስቀምጦ መሄድ ማለት ደንበኛን «ባንኮው ውስጥ ግባና ራስህ ቅዳ» ማለት ነው። ልጅቱ በድንጋጤ ዋናውን ነገር ዘንግታለች፤ ፈታኟ ዞር ብላ ካየች አለቀ ደቀቀ። ቃሉን ሰጥቷል፤ ግን ያሳደጋት ልጅ ስትሰጥም ቁጭ ብሎ የሚያይ አጎት ምን አጎት ነው?

«እመቤት» አላት ሐኪሟን በሹክሹክታ፣ «ትመለሳለች፤ እስከዚያ ያንን አንዴ ይስጡኝ።»

ሁለት ኩባያ አፍ ለአፍ ገጥሞ፣ በሶፍት ጠቅልሎ፣ ከገበታው በታች ናጠው። ሐኪሟ ቀመሰችና ቅንድቧ ከመነጽሯ በላይ ወጣ።

«ሙያዎት ነው እንዴ?»

«አዬ፣ ትንሽ ትንሽ እሞካክራለሁ» አለ፣ ኩራቱን በትሕትና ሸፍኖ። የራሱን ሲቀምስ ግን ግራ ገባው። «ሎሚው የት ሄደ? አድርጌያለሁ፣ ግን የለም!»

«እዚህ አየሩ ደረቅ ነው። አፍንጫ ሲደርቅ ምላስም ይሰንፋል። ሎሚውስ እዚያው አለ፤ እርስዎ ነዎት የጠፉት።»

ጋሽ ቀማሚ በሃያ ስድስት ዓመቱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። በነገሩ ሲደነቅ ባለ ከረባቱ ኩባያውን ዘረጋ፤ ሚስቱ የተወችውን ጠርሙስም ደረበበት። ከኋላ ደግሞ አንድ እጅ፣ ሌላም እጅ፣ «ለኛም እስቲ አባት!» እያለ መጣ። ገበታው ላይ ሰባት ባዶ ጠርሙስ ተሰለፈ። ባለ ከረባቱ ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ አውርዶ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሠርጉን ቀን ጮክ ብሎ ይተርክ ጀመር። ሚስቱ ወደ መስኮቱ ዞራለች።

የእህቱ ልጅ ቆሻሻ ልትሰበስብ ስትመለስ ፈታኟም ከኋላዋ ነበረች።

«ጌታዬ» አለችው። በዕድሜዋ ጌታዬ ብላው አታውቅም። «ይሄ ሁሉ ጠርሙስ የእርስዎ ነው?»

ጋሽ ቀማሚ ጠቀሳት። ፊቷ ግድግዳ ሆነበት። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ሳትቀይጪ ረስተሽ ሄድሽ እኮ። ማንም ሳያይ ሸፈንኩልሽ።»

ፈታኟ ሁሉንም ሰማች። «ትተዋወቃላችሁ?»

ልጅቷ ወደ ፈታኟ ዞረች። «አጎቴ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ ወደ ጋሽ ቀማሚ ተመለሰች። «ረስቼ አይደለም። ጠርሙሱ ተዘግቶ የሚሰጠው ሰው የሚጠጣውን እንዲያውቅ፣ ቢሻው እንዲያቀጥን፣ ቢሻው እንዲያቆየው ነው። እኔም ማን ስንት እንደወሰደ የማውቀው በሱ ነው። እርስዎ ከቀዱላቸው አላውቅም። አንድ ተሳፋሪ ለሌላው መጠጥ መቅዳት አይፈቀድለትም። ኩባያዎቹን ይስጡኝ።»

«ልጄ፣ ይቺን የሐኪሟን ብቻ ልጨርስ...»

«አይቻልም።»

ኩባያዎቹን ወሰደች፤ ጠርሙሶቹን ለቀመች። ለባለ ከረባቱ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ውሃ አስታቀፈችውና «ከዚህ በኋላ ለእርስዎ የምሰጠው ውሃ ብቻ ነው» አለችው። ጋሽ ቀማሚ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ጭኑ ላይ አኖረው። ባንኮ ጀርባ ከቆመ ጀምሮ እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

«ታዲያ» አለ ለራሱ፣ «እዚህ ቀማሚው ማነው?»

«ጠጪው ነዋ» አለች ሐኪሟ።

እስኪያርፉ ድረስ የልጅቱን እንጀራ በገዛ እጁ የገመጠ መሰለው። ሰው ሁሉ ሲወርድ እሱ አልተነሣም፤ ፈታኟ ባጠገቡ ስታልፍ ብድግ አለ።

«እመቤቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

«አይቻለሁ» አለች ፈታኟ። «ባለፈው የማታውቀውን ሰው እንኳ እምቢ ማለት አቅቷት ነበር። ዛሬ እምቢ ያለችው ማንን እንደሆነ አይቻለሁ።» ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጥታ ወረደች።

ልጅቷ አነበበች። እንደገና አነበበች። ከዚያ ባዶው ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«አለፍኩ።»

«እልል ልበል?»

«እንዳትሞክራት! ገና ተቆጥቼ አልጨረስኩም ጋሼ። ደግሞ የምወድቅ መስሎኝ ነበር።»

«ትክክል ነሽ። ቁጣውን ቀጥይ፤ እሰማለሁ።» መስማቱ ግን አልበረከተለትም። «እኔ ያልገባኝ... ሁሉም ባንዴ ቶኒክ ቢያዝዝና ቶኒኩ ቢያልቅስ?»

ቁጣዋ ከንፈሯ ላይ ሟሟ።

«ያኔማ፣ የፊተኞቹ ጨረሱት እንላለን።»

«የፊተኞቹ ሲጠይቁስ?»

«የኋለኞቹ ጨረሱት ነዋ! በል ተነሥ፣ ጽዳቶቹ መጡብን።»