አልገባም ያለው ቡሽ

ዋንዳ ኖቫክ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ የቤይ ሲቲ ከተማን መንገዶች ከነጉድጓዳቸው በቃሏ የምታውቅ ሴት ናት። ከማግባቷ በፊት የገዛቻት፣ እስከ ዛሬም ለማንም ያልሸጠቻት አንዲት የድሮ ካማሮ መኪና አለቻት። በረዶው ቀልጦ መኪናዋን ክሪክ ላይ ስትሰቅላት፣ የፊተኛውን ሻንሲ፣ ሞተሩን የተሸከመውን የብረት አጽም፣ ከቦዲው ጋር የሚያያይዙት የጎማ ትራሶች፣ ጎሚኒዎቹ፣ እጇ ላይ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈሩ። በምን ይቀየሩ? እንደ ጥንቱ በጎማ ወይስ ቡሽ በሚሉት ድፍን የአሉሚኒየም ቀለበት? ዋንዳ አሉሚኒየም አለች። ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘችም።

ሰላሟን የነሳት ታናሽ ወንድሟ ካዝ ነው። በየቀኑ ጋራዧ ድረስ ይመጣል፤ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣል፤ ይጀምራል።

«ጎማ ይሻልሻል። አሉሚኒየም እኮ የመንገዱን ጠጠር አንድ በአንድ ያስቆጥርሻል።»

«እኔ ልቁጠረው፤ አንተን ምን አገባህ?»

በማግስቱ ቦዲው ይሰነጠቃል አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ጩኸቱ ያደነቁርሻል አላት። ሲቸግረው ሊያስታርቅ ሞከረ።

«እሺ፣ ሁለቱን ጎማ፣ ሁለቱን አሉሚኒየም እናድርጋቸው።»

«ሱሪህንስ አንዱን እግር ረጅም፣ አንዱን አጭር አድርገህ ታሰፋዋለህ?»

«ምክር አትሰሚም። ድሮም እንዲህ ነሽ!»

«ምድጃ ስትሸጥ ኖረህ ስለ ሻንሲ ማን አስተማረህ?»

የመለዋወጫ ሻጩ በስልክ «ቁመታቸው የድሮው ልክ ይሁን ወይስ ቦዲውን ዝቅ የሚያደርጉት?» ብሎ ሲጠይቃት እንኳ፣ ካዝ ከባልዲው ላይ «ጎማ በይው!» ብሎ ጮኸ። ዋንዳ ጆሮዋን በመዳፏ ደፍና የድሮውን ልክ አዘዘች።

ቡሾቹ የመጡ ዕለት ከመኪናዋ ሥር ገባች። ሦስቱ ያለ ጭቅጭቅ ገቡ። አራተኛው ላይ ቡሎኑ ቀዳዳውን አውራ ጣት በሚያህል ሳተው። ሁሉንም አላልታ በብረት ገፋችው፤ ተመልሶ እዚያው። ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ ሜትር አውጥታ ሻንሲውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ለካችው። ደግማ ለካችው። ሁለቱ ልኮች አልተካከሉም። ጎማ ቢሆን ተለጥጦ ቡሎኑን ያሳልፈው ነበር፤ ሲያሳልፈውም ኖሯል። አሉሚኒየም ግን የሚለጠጥ ነገር አይደለም።

«ሻንሲው ጠማማ ነው» አለች ከሥር ሆና።

ካዝ ባልዲውን ወደ በሩ አስጠጋ።

«ካዝ።»

«አቤት።»

«ይህች መኪና ተጋጭታ አታውቅም።»

«አንቺ ስትነጃት አታውቅም።»

ዋንዳ ተንሸራታ ወጣች። ካዝ የጋራዡን ጣሪያ ያያል።

«ስቲቪን የወለድሽ ጊዜ» አለ፣ «ሐኪም ቤት ልጠይቅሽ በሷ ስመጣ አጋዘን ገባብኝ። ላልገጨው ስል ቦይ ውስጥ ወደቅሁ። አጎታችን ስታሽ ከዛፍ ጋር በሰንሰለት አስሮ በትራክተር ጎተተልኝ። ቀጥ ያለ መስሎን ነበር።»

«ስቲቪ እኮ አሁን ራሰ በራ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ለዚህ ነው ጎማ ጎማ ስትል የከረምከው?»

«ጎማ ብታደርጊ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?»

ዋንዳ የያዘችውን ጨርቅ ደረቱ ላይ ወረወረችው። ያንገበገባት መጣመሙ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ጩኸትና ስለ ስንጥቅ ያደረቃት ነገር ነው። ያን ሁሉ ክርክር ቁም ነገር መስሏት፣ ማታ ማታ ሳይቀር መልስ ስታዘጋጅለት ነበር።

«ለመሆኑ ምን ይዘህልኝ ትመጣ ነበር?»

«አበባ። ቦዩ ውስጥ ቀረ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ንዴቷ ቀደመው። «ተነሥ! ቡሎኖቹን አንተ ትፈታቸዋለህ» አለችው፤ እስኪመሽም ከሥር አላስወጣችውም። ሻንሲውን ለብቻው አውርደው ሻንሲ ለሚያቃና ባለሙያ ሰጡት። እሱ ደግሞ ተራ ጠብቁ ብሎ በጋውን በላባቸው። ሲመለስ ግን አራቱም ቡሎኖች በጣት ተገፍተው ገቡ።

መኪናዋ ተገጥማ በተነሣችበት በመጀመሪያው ዕለት ካዝን ወንዙ ዳር ድረስ ወሰደችው። መኪናዋ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። ዋንዳ ለአፍታ እጇን ከመሪው ላይ አነሣች፤ ካዝም አየ። ድልድዩ ጋ ስታቆም እጁን ለቁልፉ ዘረጋ።

«አንድ ዙር ብቻ ልንዳት?»

ዋንዳ ረጋ ብላ አየችው።

«ከኋላ ግባ።»

ስድሳን ያለፈው ሰውዬ ጉልበቱን አገጩ ድረስ አጥፎ ጠባቡ የኋላ ወንበር ውስጥ ገባ። ዋንዳ መስኮቷን አውርዳ ወደ ቤት ነዳች።