የከርከዴ ሻል

ክሩን የፈተለችው አማቴ ናት። ወሎ ውስጥ፣ ከራሷ በጎች ጸጉር፣ በእንዝርት። ባለቤቴ ሚፍታህ ለመጨረሻ ጊዜ አገር ቤት ደርሶ ወደምንኖርበት ሳዑዲ፣ ወደ ኹበር ሲመለስ በሻንጣው ይዞት መጣ። አንዱ ጋ የወፈረ፣ ሌላው ጋ የቀጠነ ነጭ ክር ነበር።

"ሻል ሥሪበት" አለኝ። "ግን መጀመሪያ ቀለም ይግባ።"

አንድ አርብ ከጁምዓ መልስ ከርከዴ በትልቁ ድስት አፍልቶ ክሩን ነከረው። ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ።

"ይሄ ሻይ እንጂ ቀለም አይደለም" አልኩት። "ፀሐይ አይችልም። ሳሙና ሲነካው አመድ ይመስላል።"

"ታዲያ አትጠቢዋ። አንቺ ደግሞ ያገኘሽውን ሁሉ ማጠብ ነው።"

ክሩ የበሰለ ሮማን መስሎ ወጣ። በማግስቱ በደማም ኢንዱስትሪ ከተማ ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ሂና የተቀባ የመሰሉ ጣቶቹን አይተው "ሙሽራው" እያሉ ቀለዱበት። በዚያው ሳምንት መጋዘን ውስጥ እንደቆመ ወደቀ። አስከሬኑን ያጠቡት ሰዎች ጥፍሩ ሥር አልለቅ ያለ ቀይ ነገር እንዳገኙ ነገሩኝ። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ዒዳ ገባሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ እስኪያልቅ ቤቷ ትቀመጣለች፤ አታጌጥም፣ ቀለም የገባ ልብስ አትለብስም። ከመሠራቱ በፊት ክሩ የተነከረ ልብስ ግን ይፈቀድላታል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

መጋረጃውን ዘግቼ ሻሉን ሠራሁ። ከእጄ ሳስቀምጠው ብርሃን እንዳይበላው በጥቁር ፌስታል እጠቀልለው ነበር። ክሩ ሲቀጥን አጠብቃለሁ፣ ሲወፍር አላላለሁ። ከሚፍታህ እጅ የቀረኝ ያ ቀለም ብቻ ነው። ክሩ ለጥቂት ደረሰ፤ ጫፉን ቋጥሬ ስጨርስ የተረፈ አልነበረም። የዚያን ዕለት ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት።

ታች ፎቅ የምትኖረው መሕቡባ አስቤዛ ይዛልኝ ስትገባ አየችኝ። ዓይኗን ሰበረች። የቤቴ ቁልፍ እሷ ጋ አለ።

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነሳ ሻሉ ወንበሩ ላይ የለም። መሕቡባ ባዶ ሳፋ ይዛ ከጣሪያ ወረደች።

"እትዬ ቶይባ፣ ተገላገልሽ" አለችኝ። "ቀለም ለብሰሽ ሳይሽ ሆዴ ባባ። ሐዘን ላይ ነሽ፣ ልብ አላልሽውም ብዬ ደህና አድርጌ በሙቅ ውሃ አሸሁት። ወዲያው ለቀቀ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ያለ ኃጢአት ትለብሺዋለሽ።"

"ውሃውን የት ደፋሽው?"

"ጣሪያው ላይ ነዋ። ምን ያደርግልሻል?"

"ምንም።"

"ውሃው ደርቋል እኮ። ይሄ ፀሐይ ምን ይምራል።"

ከዙሁር በፊት አምጥታ ዘረጋችልኝ። አመድ መስሏል። መታሸቱም አኮማትሮት ወፍራሙና ቀጭኑ አይለይም፤ የአማቴ እጅም አብሮ ሄዷል።

መሕቡባ ፊቴን ታየኛለች። እሷ ያሰበችው ለእኔ ነው። ይፈቀድ እንደነበር ብነግራት ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች።

"ጀዛኪላህ ኸይር" ብዬ አመሰገንኳት።

"አልደበዘዘም? አይ፣ ለሐዘን ደግሞ እንዲህ ነው የሚያምር።" በገዛ እጇ ትከሻዬ ላይ አለበሰችኝ። "አሁን ማንም ምንም አይልሽም።"

ሻሉ ከፀሐይ እንደወረደ ይሞቅ ነበር። እሷ ከሄደች በኋላም ሙቀቱ እስኪወጣለት ድረስ አላወለቅሁትም።