የሲና ዳጣ

ሲና ቃሪያውን ወፍጮው ላይ አድርጋ መጁን ገና አንዴ ገፋ እንዳደረገች፣ አማቷ የጓዳው በር ላይ ቆመው አስነጠሱ።

"ዛሬም? በማኅበሬ ቀን?"

"ለራሴ ነው፣ እትዬ።"

"ለራስሽ ከሆነ ቤቱን ሁሉ ለምን ታስነጥሺያለሽ!" ወይዘሮ አመተሥላሴ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። "እንግዶቼ ፊት እንዳላየው። ያለፈው ይበቃኛል።"

ያለፈው የዛሬ ዓመት፣ በሠርጓ ሰሞን የሆነው ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲበላ ሲና ከአማቷ የክክ አልጫ ጎን የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣዋን ጨመረች። ጌታነሽ የምትባል ጎረቤት፣ "ምነው፣ አልጫው ጣዕም አጣ እንዴ?" ብላ ሳቀች። በአልጫቸው ከተማውን ያስጨበጨቡት አማቷ ያቺን ሳቅ አልረሷትም። ከዚያ ወዲህ ሲና የዳጣ ብልቃጧን የልብሷ ሣጥን ውስጥ ትደብቃለች፤ እንጀራዋን ጠቅልላ እንደ ሌባ መኝታ ቤት ገብታ ትበላለች።

የመጣችው ከመርሐቤቴ ቆላ ነው። ቃሪያውን እናቷ በመኪና በሚመጣ ሰው ይልኩላታል። ዳጣውን ስትጎርሰው መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቀጥሎ በሶብላው፣ ከዚያ ምላሷ ላይ የሚነደው እሳት፤ የመንዝ ብርድ ከአጥንቷ የሚወጣው ግንባሯ ሲያልባት ብቻ ነው።

ባሏ አፈወርቅ ጠላ ሊቀዳ ገባ። "ለዛሬ ብቻ ተይው። እናቴ ናት።"

"ለዛሬ ብቻ እያልክ ዓመት ሞላህ። እሳቸው እናትህ ናቸው፤ አፉ ግን የኔ ነው።"

እንግዶቹ ተቀመጡ። ዳቦው፣ እንጀራው፣ አልጫው ቀረበ። መምሬ አትናቴዎስ ማዕዱን ሊባርኩ መስቀላቸውን ይዘው ሲነሡ፣ ሲና ከጓዳ ወጥታ ብልቃጧን አልጫው አጠገብ አስቀመጠች። አማቷ እጃቸውን ሰደዱ፤ ግን "አቡነ ዘበሰማያት" ተጀምሯል። እጃቸውን ሰብስበው ቆሙ። መምሬ በማዕዱ ላይ ያለውን ሁሉ ባረኩ።

"አንሺው" አሉ አመተሥላሴ በሹክሹክታ።

"ተባርኳል እኮ፣ እትዬ። የተባረከ ሳይቀመስ ይነሣል?"

እንደማይነሣ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሥርዓት ለሲና ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ መምሬ።

"ዳጣ ነው፣ አባቴ። ያገሬ።"

"ያቃጥላል?"

"በደንብ አድርጎ።"

መምሬ በእንጀራቸው ጠቅሰው ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "ቆለኛ እሳት ይጎርሳል ሲሉ ሐሜት ይመስለኝ ነበር!" አሉና እንደገና ጠቀሱ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ጌታነሽ አጋጣሚውን አላሳለፈችውም። "ዘንድሮም አልጫው ጣዕም አጣ ማለት ነው?"

አመተሥላሴ አንገታቸውን ደፉ። ሲና ግን ቀና ብላ፣ "እትዬ ጌታነሽ፣ አልጫው ባይጣፍጥ ኖሮ ዳጣዬን አላባክንበትም ነበር" አለች። ከዚያም በሁሉም ፊት እንጀራዋን ቆርሳ፣ አልጫውን ዝቃ፣ ዳጣውን ደህና አድርጋ ጨምራ ጎረሰች። ግንባሯ አላባት። አልጠረገችውም።

ማኅበርተኛው ሲወጣ፣ አመተሥላሴ ብልቃጡን አንሥተው ሰጧት። ዳጣው ተበልቶ ባዶ እስኪመስል ቀሎ ነበር።

"ወስደሽ ሣጥንሽ ውስጥ ክተቺው።"

ሲና ተቀበለችና አፉን በጨርቅ ወለወለች። ወደ መኝታ ቤት አልሄደችም። ጓዳ ገብታ መደርደሪያው ላይ የአማቷን የጨው ዕቃ ገፋ አደረገችና፣ ብልቃጧን ከጎኑ አስቀመጠች።