ሪባን የታሰረለት ማሽን

ሲስተር ንጋት የፕላስቲክ ጠርሙሱን ከደሳለ እጅ ነጥቃ አረንጓዴውን ውኃ መታጠቢያው ላይ ደፋችው። የእናቱ ዓይን ቢጫ ስለሆነ የወፍ በሽታ ነው ብሎ ሦስት ቀን የባለመድኃኒት ቅጠል ሲያጠጣቸው ሰንብቶ፣ ዛሬ ገና ነው ከኩልመስክ ማዶ ወደ ጤና ጣቢያው በቃሬዛ ያመጣቸው።

እናቱ እማ ሙሉሃብት አልጋው ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ያቃስታሉ። ጣታቸው ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሰባ ስምንት ይላል፤ ከዘጠና በላይ መሆን ነበረበት።

"የሳንባ ምች ነው" አለችው ንጋት። "ጉበታቸው ኦክስጅን አጥቶ እየተጎዳ ነው። አንተ ደግሞ መርዝ ትጨምርበታለህ።"

ደሳለ፣ ሳንባ ታሞ ጉበት ምን ቤት ነው ብሎ ጠየቀ። እየተቆጣችም ቢሆን አስረዳችው። ጉበት ዘንድ ከሚደርሰው ደም አብዛኛው በአንጀት በኩል ያለፈ ነው፤ አንጀት ኦክስጅኑን ቀንሶ ነው የሚያሳልፍለት። በደህናው ቀን ጉበት ከተረፈው ላይ እየመጠጠ ይኖራል። ደሙ ከሳንባ ሳይሞላ ሲመጣ ግን የሚመጥጠው ያጣል።



"እንደኔ ማሳ ነዋ" አለ ደሳለ። "ቦዩ መጨረሻ ላይ ነው ያለሁት፤ ላይኞቹ አጠጥተው የተረፈው ነው የሚደርሰኝ። ታዲያ ሲስተር፣ ከላይ ይለቀቅላቸው እንጂ።"

የኦክስጅን ማሽን ከመጣ አስራ አንድ ቀኑ ነው። ቀይ ሪባን ታስሮለት፣ እንግዶች መጥተው እስኪመርቁት በኃላፊው ቢሮ ተቀምጧል። ንጋት ወደዚያው ሮጠች።

"ሐሙስ ይመረቃል" አላት ኃላፊው ዘመኑ። "አሁን ብንነካው የምጠየቀው እኔ ነኝ። ላሊበላ ሪፈር ጻፊላቸው።"

አምቡላንሱ የት እንዳለ ጠየቀችው። ለምርቃቱ ድንኳን ሊያመጣ ሄዷል አላት።

ደሟ ፈላ። ገበሬውን በቅጠሉ ስትሰድብ ቆይታ፣ ለካ የራሷ ጤና ጣቢያ በሪባን ሰው ሊገድል ነው። በራሷም ተናደደች፤ አስራ አንድ ቀን ሙሉ በዚያ ማሽን አጠገብ ስታልፍ አንድም ቀን አልተናገረችም።

ማሽኑን እየገፋች ወጣች። ዘመኑ፣ በኃላፊነት ትጠየቂበታለሽ እያለ ተከተላት።

"ማን አዘዘ ሲሉህ ንጋት በላቸው" አለችው።

አልጋው አጠገብ አቁማ ሶኬቱን ሰካች። ከኪሷ የፋሻ መቀስ አወጣችና ለደሳለ ሰጠችው።

"ቁረጠው።"

ደሳለ ኃላፊውን አየ፤ እናቱን አየ። ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ሪባኑን ቆረጠው።