የጀብሪል ካርድ

«አሮጌ ነው የሸጠልን! ወልውሎ አዲስ ነው ብሎ!»

ይሄነው ይህን የተናገረው በፎቶ ቤቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከፋ። የተናገረው ግን ጠዋት መናኸሪያ መሐል፣ ሹፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም ጆሮውን አቁሞ እየሰማ ነው። ቀትር ሳይሞላ መካነ ሰላም ውስጥ ያልሰማ አልነበረም፤ ጀብሪል ከደሴ ያመጣው አዲስ ኮምፒውተር የምስልና የቪዲዮ ሥራውን የሚያቀላጥፍለት ግራፊክስ ካርዱ የሞተ ነው ተባለ።

የይሄነው የፎቶ ቤት ሸሪክ አለኸኝ ወሬውን የሰማው ከጀብሪል ከራሱ አፍ ነው። ጀብሪል ዕቃ እያስመጣ የሚሸጥ፣ ሃያ ዓመት አብሮት የኖረ ጎረቤቱ ነው። የፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?»

«አልገባም። ነገ በጠዋቱ መኪና ዕቃውን ይዤ እሄዳለሁ። ወይ የደሴው ነጋዴ ሌባ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ። ያረቢ! በዚህ ዕድሜዬ!»

«አብሽር። እስከ ማታ ብቻ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ላዳምጠው።»

ጀብሪል ሳይወድ በግዱ ፈገግ ብሎ ሄደ።

አለኸኝን ኮምፒውተር ያስተማረው ሰው የለም። ፎቶ ከጨለማ ክፍል ወጥቶ ስክሪን ላይ ሲሠራ እሱም እየነካካ፣ እየጠየቀ አብሮ የተሻገረ ነው። ሳያጣራ ሰው ላይ መመስከር ግን ከልጅነቱ የሚፈራው ነገር ነው። አማተበና ወንበሩን ሳበ።

አንድ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ሲጀምር በስክሪኑ ጥግ የካርዱን ሥራ የሚያሳየው ቁጥር ሁለት ፐርሰንት አለ። ሥራው ይካሄዳል፣ ካርዱ ሁለት ፐርሰንት!

«አየኸው?» አለ ይሄነው ከኋላው። «በሬው ጥላ ሥር ተኝቷል።»

«ታዲያ የሚያርሰው ማነው?»

አለኸኝ ስክሪኑ ላይ ያለውን ዝርዝር ወደ ታች ገፋው። ለካ ካርዶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዜሮ፣ ሌላው አንድ የሚል ቁጥር ይዘዋል። የካርዱን ካርቶን አመጣና ስሙን ከስክሪኑ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየ። የጀብሪል ካርድ ቁጥር አንድ የተባለው ነው። ዜሮው ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ለቀላል ሥራ የሚበቃ ትንሽዬ ነው። ቁጥር አንድን ሲጫነው ዘጠና አራት ፐርሰንት አለ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስንሰድብ የከረምነው የሌላውን በሬ ነዋ!»

የይሄነው ፊት ቀላ፤ እጅ ግን አልሰጠም። «እሺ፣ ቪዲዮ ስናቀናብር አሥር ደቂቃ ሮጦ የሚያነክሰውስ? ያላረጀ እንዲህ ያደርጋል?»

ይህም እውነት ነበር። አለኸኝ ደብተር አወጣ። በየሁለት ደቂቃው የካርዱን ሙቀትና ፍጥነት እየጻፈ፣ ከጠረጴዛው ጎን ወዳለው የኮምፒውተሩ ሳጥን ጎንበስ እያለ ጆሮውን አስጠጋ። ሙቀቱ ስልሳ አንድ ዲግሪ ሲሆን የውስጥ ማራገቢያው ድምፅ እንደ ንብ ነው። ሰባ አራት ሲገባ እንደሚፈላ ጀበና ሆነ። ሰማንያ ስምንት ላይ እንደ ክረምት ነፋስ ጮኸ፤ ያኔ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ወረደ። ሁለተኛ ሞከረ፤ ያው ሆነ። ሦስተኛም ያው።

«ይሄ እርጅና አይደለም» አለ። «ታፍኖ ነው።»

ነፋሱ በየት እንደሚወጣ ሊፈልግ እጁን ሲሰድ ዳንቴል ጨበጠ። ሚስቱ በዛች የሠራችው፣ ውስጡ በጨርቅ የተገጠመ፣ ሳጥኑን ከአናቱ እስከ እግሩ ያለበሰ ነጭ ዳንቴል። በዚህ ከተማ ቴሌቪዥን ይሁን ፍሪጅ፣ አዲስ ዕቃ ገዝቶ ራቁቱን የሚያስቀምጥ ማን አለ?

ገለጠው። የታመቀው ሙቀት ፊቱን መታው፤ ጩኸቱም ቀስ በቀስ ረገበ። እንደገና ሲያስጀምረው አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ አለፈ፤ ሙቀቱ ከሰባ ሁለት ፈቀቅ ሳይል ቪዲዮው አለቀ። «ተመስገን» አለ በለሆሳስ።

በዛች ምሳ ዕቃውን ልትወስድ ስትገባ የተጣለውን ዳንቴል አየች። «ውይ! ራቁቱን? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ብሏል፣ በዙዬ። ሥራ ሲፈታ ታለብሺዋለሽ።»

ይሄነው ስልኩን አወጣ። «ለጀብሪል ልደውልና ይቅርታ ልበለው።»

«በስልክ ነው ሌባ ያልከው?»

«ጋሼ አለኸኝ፣ አፈር ስሆን…»

«ተነሥ።»

መናኸሪያ ሲደርሱ የደሴው መኪና ገብቶ ዕቃ ይራገፋል። ጀብሪል ካርቶን ተሸክሞ ነበር፤ ሲያያቸው ፊቱን አዞረ። ይሄነው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የጀብሪል ካርድ ደህና ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን። ቁጥሩን ማንበብ አልቻልንም፤ ኮምፒውተሩንም ዳንቴል አልብሰን አፍነነው ነበር።»

«አልተሰማም!» አለ ረዳቱ ከመኪናው ጣሪያ ላይ፣ በሳቅ እየፈረሰ።

«ድገመው» አለ አለኸኝ።

ይሄነው የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ጮኾ ደገመው። ጀብሪል ካርቶኑን አወረደ።

«ዳንቴል? ወላሂ ዳንቴል?» ሳቁ አመለጠው። «በቃ፣ በቃው! ጉሮሮው ይተርፍለት።»

«አልበቃውም» አለ አለኸኝ፣ የይሄነውን ክንድ ሳይለቅ። «ጠዋት የአጅባሩ መኪና ሹፌርም ሰምቷል። እስኪመጣ እንጠብቃለን።»